መቶ ባለቤት የነበራት መኪና

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፡፡ እውነት ነው፡፡ ተረቱ የማይነግረን ነገር ግን አለ፡፡ አንበሳው ከታሰረ በኋላ የገመዱን ጫፍ የሚይዘው ማነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳያዘጋጁ ድር ማድራት የጀመሩ ሰዎች ታሪክ ላውጋችሁ፡፡ ሰዎቹ እንግሊዞች ናቸው፤ አንበሳው ደግሞ የዓለም የመኪና እሽቅድምድም፡፡ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት የአውሮፓን ታላላቅ ውድድሮች የጀርመኖቹ መርሴዲስና አውቶ ዩኒየን እንደ ግል ርስታቸው ይዘውት ነበር፡፡ ከኋላቸው የናዚ መንግሥት ነበረ፡፡ እንግሊዞች በአነስተኛ ሞተሮች ውድድር ጥሩ ስም ቢኖራቸውም ከትልልቆቹ ጋር ሲሰለፉ ግን አንገታቸውን ይደፉ ነበር፡፡ ይህ ነገር ቦርን በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖረውን ሬይመንድ ሜይስ የተባለ ሾፌር ዕረፍት ነሳው፡፡ በ1945 ለአገሪቱ የፋብሪካ ባለቤቶች ደብዳቤ ጻፈ፡፡ ሐሳቡ ባጭሩ፣ «ጦርነቱን አብረን አሸንፈናል፤ አንድ የአገር መኪና አብረን እንሥራ» የሚል ነበር፡፡

የማይማርከው ማነው? ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ ብረት ያለው ብረት፣ ማሽን ያለው የማሽን ሰዓት ሊሰጥ ቃል ገባ፡፡ በ1947 መዋጮውን የሚያስተዳድር የአደራ ማኅበር ተቋቋመ፤ የለጋሾቹም ቁጥር ከመቶ በላይ ደረሰ፡፡ ልብ በሉ፣ ያኔ እንግሊዝ በጦርነቱ ጊዜ እንኳ በራሽን ያልሰጠችውን ዳቦ በራሽን የምትሰጥ አገር ነበረች፡፡ ቡድኑ ቢ.አር.ኤም. ተባለ፤ «የብሪታንያ የእሽቅድምድም ሞተሮች» እንደ ማለት ነው፡፡

ታዲያ ምን ዓይነት መኪና እንሥራ ሲባል፣ ለአገር ክብር የሚሠራ ነገር ተራ መሆን የለበትም ተባለ፡፡ አንድ ሊትር ተኩል የሆነው የሞተር መጠን ለ16 ሲሊንደሮች ተከፋፈለ፡፡ የአንዱ ሲሊንደር ይዞታ አንድ የሻይ ብርጭቆ እንኳ አይሞላም፡፡ አየር በኃይል እየጨመቀ የሚያስገባውን መሣሪያ የአውሮፕላን ሞተር የሚሠራው ሮልስ ሮይስ አዘጋጀ፡፡ ሞተሩ በደቂቃ 12,000 ጊዜ እንዲሽከረከር ታሰበ፡፡ ወረቀት ላይ ተአምር ነበር፡፡ ችግሩ ክፍሎቹ በአሥር በአሥር ፋብሪካ ተበታትነው መሠራታቸው ነው፡፡ በዚያ ዘመን ፋብሪካው ሁሉ ወደ ውጭ ልኮ ዶላር እንዲያመጣ የሚገፋበት ነበርና፣ ከፋይ ደንበኛ ይቀድማል፡፡ በነፃ የሚሠራው የአገር መኪና ዕቃ ከሰልፉ ጭራ ይቆማል፡፡ ዘገየህ ብሎ የሚቆጣ ደግሞ የለም፡፡ በነፃ የሚሰጥህን ሰው በምን አፍህ ትቆጣዋለህ?

መኪናዋ ገና ሳትደርስ ወሬዋ ደረሰ፡፡ በታኅሣሥ 1949 ለጋዜጠኞች ታየች፡፡ በግንቦት 1950 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ውድድር በሲልቨርስቶን ሲካሄድ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ከነባለቤታቸው ተገኙ፡፡ የአገር ኩራት የተባለችው መኪና ግን ለመወዳደር አልበቃችም፡፡ ሜይስ ለሰላምታ ያህል ጥቂት ዙር ነድቷት ወጣ፡፡ ውድድሩን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የጨረሱት የጣሊያኖቹ አልፋ ሮሜዎዎች ነበሩ፡፡ የሚያስቀው፣ በሦስተኛው አልፋ ውስጥ የተቀመጠው ሬግ ፓርኔል የተባለ እንግሊዛዊ ነበር፡፡

ነሐሴ 26 ቀን 1950 እዚያው ሲልቨርስቶን ሌላ ትልቅ ውድድር ተደረገ፡፡ ሕዝቡ በአምስት ዓመት መዋጮ የተሠራችውን መኪና ሊያይ ጎረፈ፡፡ መሪውን የያዘው ፈረንሳዊው ሬይሞን ሶሜ ነበር፡፡ ባንዲራው ወረደ፤ ሌሎቹ ተፈተለኩ፡፡ እሷ ትንሽ ነጠር ብላ ቆመች፡፡ የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ክፍል ተሰብሮ ነበር፡፡ እየተገፋች ስትወጣ ከተመልካቹ አንዳንዱ ሳንቲም ወረወረባት ይባላል፡፡ የሚስተር እገሌ መኪና ብትሆን ኖሮ የአንድ ሰው ኪሳራ ሆኖ ይቀር ነበር፡፡ የአገር ተብላ ስለቀረበች ግን ያፈረው አገሩ ሁሉ ሆነ፡፡

ነገሩ በዚህ አላበቃም፡፡ በ1951 በእንግሊዝ ግራንድ ፕሪ ሁለት መኪኖች አምስተኛና ሰባተኛ ወጡ፤ ሾፌሮቹ ግን ከሞተሩ ሙቀት የተነሳ ተቃጥለው ነበር ከመኪናው የወረዱት፡፡ በዓመቱ መጨረሻ አልፋ ሮሜዎ ከውድድር ሲወጣ ፌራሪን ይቀናቀናል ተብሎ የሚጠበቀው ቢ.አር.ኤም. ብቻ ሆነ፡፡ በ1952 የጸደይ ወራት ቱሪን ላይ ይገናኛሉ ሲባል፣ ሜይስ ዝነኛው ፋንጂዮ መኪኖቹን እንዲሞክርለት ብሎ እዚያው አስቀራቸው፡፡ የውድድር አዘጋጆች ተስፋ ቆረጡ፡፡ የዚያንና የሚቀጥለውን ዓመት የዓለም ሻምፒዮና አነስ ላሉት ለፎርሙላ ቱ መኪኖች አደረጉት፡፡ ባለ 16 ሲሊንደሯ መኪና በደረሰች ጊዜ የተሠራችበት ውድድር ሄዷል፡፡ በዚያው ዓመት ማኅበሩ ንብረቱን አልፍሬድ ኦወን ለተባለ ባለፋብሪካ ሸጠ፡፡

ከለጋሾቹ መካከል ቶኒ ቫንደርቬል የሚባል የሞተር ኩሽኔታ አምራች ነበረ፡፡ ስብሰባው ሲያንገሸግሸው ቀደም ብሎ ጥሎ ወጣ፡፡ ወጥቶ ግን ወዲያው መኪና ልሥራ አላለም፡፡ ፌራሪ ገዛ፣ እየፈታ እየገጠመ ተማረ፡፡ ከዚያ ቫንዎል የተባለውን የራሱን መኪና ሠራ፡፡ በሐምሌ 1957 ኤይንትሪ ላይ ቶኒ ብሩክስና ስተርሊንግ ሞስ እየተቀባበሉ ነድተው አሸነፉ፤ እንግሊዛዊ በእንግሊዝ መኪና የዓለም ሻምፒዮና ውድድር ሲያሸንፍ ይህ የመጀመሪያው ነበር፡፡ በ1958 ደግሞ ቫንዎል ስድስት ውድድር አሸንፎ የመጀመሪያውን የአምራቾች ሻምፒዮና ወሰደ፡፡ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ፓምፕ ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሥራ ነበር፡፡ ቫንደርቬል የሚጠቅመውን ዕቃ ከትላንት ጠላትም ቢሆን ይገዛ ነበር፡፡ ድሉ ግን ዋጋ ነበረው፡፡ በዚያው ዓመት የመጨረሻው ውድድር ካዛብላንካ ላይ ሲካሄድ ወጣቱ ሾፌሩ ስቱዋርት ሉዊስ ኤቫንስ ተቃጠለ፤ ከስድስት ቀን በኋላም ሞተ፡፡ ቫንደርቬል በ1959 መጀመሪያ ላይ ከውድድሩ ዓለም መውጣቱን አስታወቀ፡፡ ሀዘኑን ለኮሚቴ ማካፈል አይችልም ነበር፡፡

እንግዲህ «ማኅበር ይቅር፣ አንድ ሀብታም ይበቃል» ልበል? አልልም፡፡ ኦወንም እኮ ቢ.አር.ኤም.ን ከገዛ በኋላ የመጀመሪያዋን የሻምፒዮና ውድድር ድል ለማየት እስከ 1959 ጠብቋል፡፡ በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና፣ ካላሸነፋችሁ እዘጋዋለሁ አለ፡፡ መዋጮ ያዋጡት መቶ ድርጅቶች ይህን ማለት አይችሉም ነበር፤ የሚዘጋው በማን ስም ነው? በ1962 ግራሃም ሂል በቢ.አር.ኤም. የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ቡድኑም የአምራቾቹን ዋንጫ ወሰደ፡፡

ያን ጊዜ ሥራውን ይመራ የነበረው ማን መሰላችሁ? ቶኒ ራድ የሚባል መሐንዲስ ነው፡፡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሮልስ ሮይስ የአየር መጭመቂያውን እንዲከታተል የላከው ሰው ነበር፡፡ በውሰት መጥቶ ቀረ፤ ሲሰበር እያየ፣ ሲሳቅበት እየሰማ ከረመ፡፡ ከመዋጮው ሁሉ ፍሬ ያፈራው፣ ዕቃውን ብቻ ሰጥቶ ያልሄደ ይህ አንድ ሰው ነው፡፡

የአገር ቡድን እንመሥርት፣ የአገር ፋብሪካ እናቁም ብለን ስንሰባሰብ የሚያዋጣውን እንቆጥራለን፡፡ ደግ ነው፡፡ ከመዝገቡ ግርጌ ግን አንድ ባዶ መስመር እንተው፡፡ ነገሩ መንገድ ላይ ሲቆም ሳንቲም የሚወረወርበት ሰው ስም የሚጻፍበት፡፡