የደስታ በሽታና ክትባቱ፦ ለመሐንዲስ የሚሆን ትምህርት

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚያመራ መንገደኛ ሮቢት ሲደርስ፣ ማሽላ የሚበቅልበት የራያ ሜዳ እስከ ዞብል ተራራ ተንጣሎ ይታየዋል። ሜዳውን ለዘመናት ያረሰው በሬ ነው፤ በሬ የሌለው ገበሬ መሬት ቢኖረውም እንደሌለው ይቆጠራል። የደስታ በሽታ ምን ያህል አስፈሪ እንደ ነበረ የሚገባንም ከዚህ ስንነሣ ነው።

በሽታው በ1887 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከባሕር ማዶ በመጡ ከብቶች አማካይነት በምጽዋ በኩል እንደ ገባ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። ትኩሳት፣ የአፍ ቁስልና ብርቱ ተቅማጥ እያስከተለ ከአገሪቱ ከብት 90 ከመቶ ያህሉን እንደ ፈጀ ይገመታል። ድርቅና አንበጣ ሲጨመሩበት ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው «ክፉ ቀን» ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክም ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ እስከ መሆን ደረሱ።

የበሽታው መንሥኤ ከባክቴሪያ ያነሰ፣ በማጥለያ የሚያልፍ ተሐዋሲ መሆኑ በ1902 በኢስታንቡል ተረጋገጠ። ይህ ቫይረስ የኩፍኝ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ነው። ዝርያዎቹ የተለያዩ ቢሆኑም አንዱን የሚከላከል ክትባት ሁሉንም ይከላከላል። ዋልተር ፕላውራይትና ባልደረቦቹ በኬንያ፣ ሙጉጋ፣ ቫይረሱን በጥጃ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ 90 ጊዜ ያህል በማሸጋገር አዳከሙት፤ በ1960ዎቹም አስተማማኝ ክትባት ተገኘ።

ይሁን እንጂ ክትባቱ ቅዝቃዜ ይፈልግ ነበር። ከ1962 እስከ 1976 በአፍሪካ የተካሄደው ሰፊ ዘመቻ በሽታውን ቢያዳክመውም፣ ማቀዝቀዣ በማይደርስባቸው ቆላማ የአርብቶ አደር አካባቢዎች ርዝራዡ ቀረ፤ በ1980ዎቹም እንደ ገና አገረሸ። መፍትሔው የተገኘው ከአመራረቱ ነው፦ ጄፍሪ ማሪነር የማድረቁን ሂደት በማራዘምና በክትባቱ ውስጥ የሚቀረውን እርጥበት በመቀነስ፣ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት አዘጋጀ።

ከዞብል ማዶ በሚገኘው በአፋር ምድር፣ ከ1994 ጀምሮ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ይህንኑ ክትባት ይዘው በእግራቸው ከመንጋ ወደ መንጋ ተዘዋወሩ። ከ1995 ወዲህ በሽታው በኢትዮጵያ አልታየም፤ በ2011ም ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

እንግዲህ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ቫይረሱን ማጥናት ክትባቱን አስገኘ፤ በሽታውን ያጠፋው ግን ክትባቱ የሚጓዝበት መንገድና የሚያገኘው ሙቀት ጭምር መጠናቱ ነው። እኛም ንድፍ ስንነድፍ ሥራችን ሊደርስ የሚገባው የመጨረሻው ሰው የት እንዳለ አስቀድመን እንጠይቅ።