ከጉርብትና ግዴታ ወደ ሙያ፦ የሉማሜና የአካባቢዋ የእሳት ማጥፋት ልማድ

የምሥራቅ ጎጃሙ የአዋበል ወረዳ መቀመጫ ሉማሜ፣ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ዙሪያዋን የጤፍና የስንዴ ማሳ የከበባት ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ዙሪያ ባሉ መንደሮች፣ እንደ ሌላው የጎጃም ደጋ ሁሉ፣ እሳት ማጥፋት ለረጅም ዘመን ራሱን የቻለ ሙያ አልነበረም፤ ደመወዝ የሚቆረጥለትና ተራ የሚወጣለት ሰው ሳይኖር፣ ጩኸት የሰማ ሁሉ የሚሮጥበት የጉርብትና ግዴታ ነበር። ይህን ግዴታ የደንብ አልባ ሕዝብ ግርግር አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው፤ ምን አስቀድሞ እንደሚድን፣ ማን የትኛውን ሥራ እንደሚይዝ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ምን እንደሚዋጣና ጥፋተኛው እንዴት እንደሚፈለግ ልማዱ አስቀድሞ ወስኖታልና።

የአደጋው መነሻ ቤቱ ራሱ ነበር። የገበሬው ጎጆ በመካከሉ ምሰሶ የቆመለት፣ ግድግዳው በእንጨት ተማግሮ በጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው በሣር የተከደነ ሲሆን፣ መስኮትና ጭስ መውጫ ስለማይኖረው በየዕለቱ ከምድጃው የሚነሣው ጭስ የክዳኑን ውስጥ በጥቀርሻ ያለብሰዋል። ጭሱ ሣሩንና እንጨቱን ከምስጥ ስለሚጠብቅ የቤቱን ዕድሜ ያረዝመዋል፤ በዚያው ልክ ግን ክዳኑን እያደረቀ አንዲት ፍንጣሪ ብቻ እንድትበቃው ያደርገዋል። ክብሪት እንደ ልብ ባልተገኘበት ዘመን ደግሞ እሳት ከቤት አይጠፋም ነበር፤ ባለቤቲቱ ማታ ፍሙን በዐመድ ዳፍና ታሳድራለች፣ የከሰመባትም ልጇን በገል ወይም በኩበት እሳት እንዲጭር ወደ ጎረቤት ትልካለች። ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው ይህ ፍም በክረምት ብዙም አያሰጋም፤ እህል ታጭዶ በሚከመርበትና በሚወቃበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ነፋሱም በሚበረታበት በበጋው ወራት ግን አገር የሚያሠጋው እርሱ ነበር። የዓመት ልፋት በክምር መልክ አውድማ ላይ ቆሞ የሚገኘው በዚሁ ወቅት በመሆኑ፣ የክምር መቃጠል ለብዙ ቤተሰብ ከጎጆው መቃጠል ይብስ ነበር፤ ጎጆ በወራት ውስጥ ይተካል፣ እህል ግን እስከ መጪው መኸር አይገኝም።

እሳት ሲነሣ የመጀመሪያው መሣሪያ ድምፅ ነው። «የሰው ያለህ!» የሚለው ጥሪና የሴቶች እሪታ ከጋራ ጋራ ይሻገራል፣ ጠመንጃ ያለው ይተኩሳል፤ በአጨዳ ላይ ያለው ማጭዱን እንደያዘ፣ እንጨት የሚፈልጠውም ከነመጥረቢያው ይደርሳል። የእነዚህ መሣሪያዎች መምጣት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ውኃ የሚቀዳው አብዛኛውን ጊዜ ከመንደሩ ራቅ ካለ ምንጭ ወይም ወንዝ በመሆኑና በእንስራ ከሚደርሰው ውኃ ይልቅ እሳቱ ስለሚፈጥን፣ የማጥፋቱ ሥራ በዋናነት እሳቱን መብል መንሣት ነበር። የተያያዘው ጣሪያ ብዙ ጊዜ አይድንም፤ ስለዚህ ጉልበቱ ሁሉ በቅድሚያ ሰውን፣ በተለይም አራስና በሽተኛን፣ ቀጥሎም በቤቱ ውስጥ በጋጣ የታሰሩትን ከብቶችና በጎታ፣ ማለትም ከጭቃና ከጭድ በተሠራው የእህል ማስቀመጫ፣ ውስጥ ያለውን እህል ወደ ማውጣት ይዞራል። ጎልማሶቹ ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ ወዳለው ጎረቤት ጣሪያ ወጥተው ክዳኑን ይገፍፋሉ ወይም የራሰ ቁርበት ያለብሳሉ፤ ሴቶች በቤት ያለውን የጋንና የእንስራ ውኃ ያቀብላሉ፤ ልጆች አፈርና ዐመድ ይበትናሉ። ገለባና ቃርሚያ የያዘውን እሳት ደግሞ በእርጥብ ቅርንጫፍ እየመቱ ያዳፍኑታል። ከሁሉ የሚከብደው ውሳኔ ገና ያልተያያዘን የሰው ጣሪያ ማፍረስ ነው፤ እዚያ ላይ የሽማግሌዎች ቃል ይሰማ ነበርና፣ በዘመናዊው የእሳት አደጋ ሥራ አዛዥ የሚባለው ሰው ያለው ሥልጣን በዚያች ሰዓት በእነርሱ እጅ ነበር ማለት ይቻላል።

አብያተ ክርስቲያናቱም ብዙዎቹ በሣር የተከደኑ ክብ ሕንጻዎች ስለነበሩ ከአደጋው አላመለጡም። በዚያ ግን የሥራው ክፍፍል በሃይማኖት ሥርዓት የጠበቀ ነው፤ ታቦትን ከካህናት በቀር የሚነካው የለምና፣ ሕዝቡ ከውጭ ከክዳኑ ጋር ሲታገል ወደ መቅደሱ ዘልቆ ታቦቱን፣ ንዋየ ቅድሳቱንና መጻሕፍቱን ማውጣት የካህናቱ ድርሻ ነበር። ከእሳት አጥፊዎች መካከል ወደ ነበልባል መግባት በማዕረጉ ግድ የሚሆንበት ሰው ካህኑ ብቻ መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ የሚጀምረው ሥራ የልማዱ ጠንካራ ጎን ነበር። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ከነቤተሰቡ በጎረቤትና በዘመድ ቤት ያድራል፣ እህል፣ ልብስና ዕቃ ይዋጣለታል፤ ቤቱ የሚሠራው ደግሞ በጅጊ ነው። ጅጊ፣ በሌላ ቦታ ደቦ የሚባለው፣ ጠሪው በሚያዘጋጀው ጠላና እንጀራ ብዙ ሰው በአንድ ቀን ወጥቶ የሚሠራበት የጋራ ሥራ ሲሆን፣ የዋለልህን ቀን ያህል መልሰህ የምትውልበት ብድር ከሆነው ከወንፈል ይለያል። እሳት ለጎዳው ሰው በሚወጣ ጅጊ መጋበዝ የማይችለውን ሰው እንዲጋብዝ የሚያስገድደው አይኖርም፤ ድግሱንም ጎረቤት ይሸፍነዋል። እንጨቱ ከዱር፣ ሣሩ ከግጦሽ መሬት ስለሚገኝ፣ ለቤቱ የሚያስፈልገው ጉልበት እንጂ ገንዘብ አልነበረም።

እሳቱ የሰው እጅ ሥራ ነው ተብሎ ሲጠረጠር ጉዳዩ ወደ አውጫጭኝ ያመራል። አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ ሌባን፣ ነፍሰ ገዳይንና ቤት አቃጣይን ለማወቅ የአካባቢው ነዋሪ ሁሉ በአንድ ሜዳ የሚሰበሰብበትና ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ የማይበተንበት ሸንጎ ነው። የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በአፈርሳታ ስም የተጠራ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ በአንድ ጎጆ መቃጠል መጀመሩም ያለ ነገር አይደለም፤ ሌሊት የሚለኮስ እሳት ምስክር ስለማይኖረው፣ ከመንደሩ የጋራ ዕውቀት በቀር ሌላ መመርመሪያ አልነበረም። በቸልተኝነት ለተነሣው እሳት የሚከፈለው ካሣ ግን በቤተ ክህነት ትምህርትም የሚታወቅ ነበር፤ ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 እሳት ለኩሶ የሰው ክምር ያስበላ ሰው እንዲከፍል ይደነግጋል። ከ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና ከ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወዲህ ምርመራው የፖሊስና የፍርድ ቤት ሥራ ሆነ። ሥራውን ትቶ በሜዳ እንዲቀመጥ የሚገደደው ንጹሕ ሰው ብዙ ስለነበር ለውጡ ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ ሥርዓት የሚሠራው እሳቱ ድንገተኛ ወይም የአንድ ጠላት ሥራ ሲሆን ነው። ጦር ሲያቃጥል ጎረቤት ለጎረቤት ሊደርስ አይችልም። በ1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሣር ውኃ ከሱዳን በመጡ ድርቡሾች ድል ሲሆኑ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመንም አርበኞችን ያስጠጉ የጎጃም መንደሮች በቅጣት ነድደዋል።

እሳት ማጥፋት በደመወዝ የሚሠራ ሙያ ሆኖ በአገሪቱ የተጀመረው በአዲስ አበባ ሲሆን፣ በ1920ዎቹ በማዘጋጃ ቤቱ ሥር የተቋቋመው ክፍል ዛሬ በ939 የሚጠራ፣ በፈረቃ የሚያድር፣ ቱቦውን፣ ፓምፑንና መሰላሉን በየዕለቱ የሚፈትሽ፣ ከእሳት ሌላ በጎርፍና በውኃ ጉድጓድ ለሚደርስ አደጋም የሚጠራ ተቋም ሆኗል። በሌላው ዓለምም መነሻው ተመሳሳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1736 ቤንጃሚን ፍራንክሊን በፊላደልፊያ ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው የእሳት ማኅበር አባላቱ የቆዳ ባልዲና ዕቃ ማውጫ ከረጢት ይዘው የሚደርሱ ጎረቤታሞች ነበሩ። ልዩነቱ እነርሱ ግዴታቸውን በመተዳደሪያ ደንብ መጻፋቸው ነው። ያልተጻፈው ደንብ ግን ከጎጃም ውጭም ቢሆን ጊዜው አላለፈበትም፤ በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ከእስራኤል የመጡ ባለሙያዎችና ከኬንያ የመጣ ሄሊኮፕተር ከመድረሳቸው በፊት እሳቱን የገጠሙት የአካባቢው ነዋሪዎችና የፓርኩ ጥበቃዎች ነበሩ።

በሉማሜና በመሰሎቿ የመንገድ ዳር ከተሞች አደጋው መልኩን ለውጧል። የቆርቆሮ ጣሪያ ፍንጣሪን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ቤቶቹ በገጠር እንደነበረው ተራርቀው ሳይሆን ግድግዳ ተጋርተው የቆሙ፣ ውስጣቸውም የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ነዳጅና የሱቅ ዕቃ የተከማቸባቸው ናቸው፤ ሣርን እንደ መግፈፍ ቆርቆሮን መግፈፍ አይቻልም፣ ኤሌክትሪክ ባለበትም ውኃ መርጨት ረጂውን ራሱን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት መብራት ማጥፋትን፣ በአሸዋ ማዳፈንንና ጭስ ውስጥ ጎንበስ ብሎ መሄድን መማር አለበት። መልሶ መሥራቱም ከጉልበት ወደ ገንዘብ ዞሯል፤ ቆርቆሮና ሚስማር ከዱር አይቆረጥምና፣ ጅጊ ብቻውን ያቆመው የነበረው ቤት አሁን የዕድር መዋጮንና የማዘጋጃ ቤትን እጅ ይጠይቃል።