ሪወርክ ወይም ዳግም አበጃጀት፦ የድብድብ ጌም ተፋላሚ በተከታዩ ክፍል ሲለወጥ

የአንድ ድብድብ ጌም ተከታይ ክፍል ሲወጣ ተጫዋቾች ከሁሉ አስቀድመው የሚያዩት የለመዱት ተፋላሚ ምን ሆኖ እንደመጣ ነው። ለውጡ ግን ሁሌም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ልብሱንና ጸጉሩን ቀይሮ ይመጣል። የአንዳንዱ ቡጢ ጥቂት ይከብዳል ወይም ይቀላል። የአንዳንዱ ደግሞ ስሙ ሳይለወጥ አጨዋወቱ ከሥሩ ተነቅሎ በሌላ ይተካል። ይህን ሦስተኛውን ዓይነት ለውጥ የጌም ሰዎች «ሪወርክ» ይሉታል። በአማርኛ «ዳግም አበጃጀት» ብንለው ይስማማዋል። ትርጉሙም የአንድን ገጸ ባሕርይ ማንነት ጠብቆ፣ ተጫዋቹ እሱን ይዞ ሲጋጠም የሚያስብበትንና የሚወስንበትን መንገድ እንደ አዲስ መሥራት ነው። ስለዚህ ዳግም አበጃጀት መኖሩ የሚታወቀው ጉልበት በመጨመሩ ወይም በመቀነሱ ሳይሆን ተጫዋቹ በሚወስነው ነገር መለወጥ ነው። የሚሳካው ደግሞ የገጸ ባሕርዩ ታሪክና የተጫዋቹ እጅ ሲስማሙ ነው።

ልዩነቱን ለማየት ስትሪት ፋይተር ከተባለው የድብድብ ጌም እንጀምር። ጋይል እ.ኤ.አ. በ1991 በስትሪት ፋይተር 2 ሲመጣ ሁለት ዋና መሣሪያዎች ነበሩት። ወደኋላ ይዞ ቆይቶ ወደፊት በመግፋትና ቡጢ በመጫን የሚወረውረው ሶኒክ ቡም፣ እንዲሁም ወደታች ይዞ ቆይቶ ወደላይ በመግፋትና የካልቾውን ቁልፍ በመጫን የሚወጣው ፍላሽ ኪክ ናቸው። በ2023 በወጣው ስትሪት ፋይተር 6 አለባበሱ ተቀይሯል፣ ዕድሜም ጨምሯል፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ግን ዛሬም በዚያው ትዕዛዝ ይወጣሉ። ጋይልን የያዘ ተጫዋች እንደ ድሮው ወደኋላ ይዞ፣ ታግሦ፣ ባላጋራው እስኪሳሳት ይጠብቃል። ስለዚህ መልኩ ታደሰ እንጂ ዳግም አልተበጀም። ቹን ሊ በ1991 የሚወረወር ጥቃት አልነበራትም፤ ኪኮኬን የተባለው ኳስ የተሰጣት በ1992 በወጣው የጌሙ የተሻሻለ እትም ነው። ይህ ትልቅ ስጦታ ቢሆንም በነበራት ላይ የተጨመረ ነውና «ማሻሻያ» የሚለው ቃል ይበቃዋል። የቡጢ ጉዳት መጠን ከፍና ዝቅ ሲደረግም እንዲሁ ነው፤ ያም ማመጣጠን የሚባል የማሻሻያ ዓይነት ነው።

የዳግም አበጃጀት ግልጽ ምሳሌ ቴከን በተባለው ሌላ የድብድብ ጌም ያለው ጂን ካዛማ ነው። ጂን በ1997 በቴከን 3 ሲተዋወቅ ስልቱ የሁለት ቤተሰብ ውርስ ነበር፦ አያቱ ሄይሃቺ ያሠለጠነው የሚሺማ ስልትና ከእናቱ ከጁን የወረሰው የካዛማ ስልት። የሚሺማ ስልት መታወቂያ ኤሌክትሪክ ዊንድ ጎድ ፊስት የተባለው ከታች ወደላይ የሚነሳ ቡጢ ነው። እሱን ለማውጣት ወደፊት ገፍቶ መልቀቅ፣ ወደታች መጫን፣ ከዚያም የሰያፉን አቅጣጫና የቡጢውን ቁልፍ በአንድ ቅጽበት ማገጣጠም ያስፈልጋል። ጌሙ በሰከንድ 60 ምስል ስለሚያሳይ ቡጢው በብልጭታ የሚወጣው ሁለቱ ትዕዛዞች በአንዱ ምስል ላይ ሲገጥሙ ነው። በቴከን 3 መጨረሻ ግን ሄይሃቺ የልጅ ልጁን በጥይት መትቶ ከዳው። በ2001 ቴከን 4 ሲመጣ ጂን ሚሺማ የሚል ስም ያለበትን ሁሉ ጠልቶ፣ ወደ አውስትራሊያዋ ብሪዝበን ሄዶ፣ የለመደውን ስልት ትቶ ካራቴ ተምሮ ነበር። ጥቂት ቅሪት ቢኖርም አብዛኛው የቀድሞ ምቱ ጠፋ፤ ቦታውንም ቀጥተኛ የካራቴ ቡጢና ካልቾ ያዘው። የቴከን 3 ጂንን በጣቱ የሸመደደ ተጫዋች በቴከን 4 መቼ እንደሚጠጋና በምን እንደሚቀጣ እንደገና መማር ነበረበት።

እዚህ ላይ «ጂን በቴከን 4 የተለየው ከመጠን በላይ ጠንካራ ስለነበረ ነው» የሚል ክርክር ይነሳል። በዚያ ክፍል ጂን ከሌሎቹ በላይ እንደነበረ ብዙ ተጫዋቾች ይስማማሉ። ቀጥሎ የሆነው ግን ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ መሆናቸውን ያሳያል። በቴከን 5 የጂን ጉልበት ተገራ፤ ካራቴው ግን ጸንቶ ቀጠለ። ጉልበቱ ቢቀነስም አዲሱ ማንነቱ አልተነካም፤ ጉልበትና ማንነት አንድ ቢሆኑ ኖሮ አብረው በወረዱ ነበር። ተመሳሳይ ማስረጃ የስትሪት ፋይተሩ ቬጋ ይሰጠናል። በቀድሞዎቹ ክፍሎች እንደ ጋይል አቅጣጫ ይዞ የሚጠብቅ ተፋላሚ ነበር፤ በእጁ ያሰረው የብረት ጥፍርም ሲመታ ሊወልቅ ይችል ነበር። በ2016 በስትሪት ፋይተር 5 አብዛኛው ጥቃቱ መጠበቅ የማያስፈልገው ሆነ፤ ጥፍሩን ማድረግና ማውለቅም የተጫዋቹ ምርጫ ሆነ። ድሮ ከባላጋራ የሚደርስበት አደጋ የነበረው አሁን የራሱ ውሳኔ ሆነ ማለት ነው። ዳግም አበጃጀት ስንል የምንፈልገው ምልክት ይህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ክብደት ያለው ነው። አንድ ሰው ለዓመታት ጣቱን ያሠለጠነበትን ተፋላሚ መንጠቅ ታማኙን ተጫዋች መክዳት አይሆንም ወይ? ይህ ቅሬታ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። በድብድብ ጌም የተጫዋቹ ሀብት በልምምድ ያካበተው እውቀት ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ሲለወጥ ሀብቱ ይባክናል። መልሱ ግን ለውጥን ማቆም አይመስለኝም፤ የተነሣውን ስልት ቦታ ሰጥቶ ማኖር ነው። የቴከን ሠሪዎች ይህን ሁለት ጊዜ አድርገውታል። በቴከን 3 ብዙ ነባር ሰዎች ሲቀሩ ስልታቸው በወራሽ ተረፈ፦ የማርሻል ሎው በልጁ በፎረስት፣ የቤክ በተማሪው በህዋራንግ፣ የሚሼል በማደጎ ልጇ በጁልያ። በ2005 ለቤት መጫወቻ በወጣው ቴከን 5 ደግሞ የድሮው የጂን ስልት ዴቪል ጂን በተባለ ራሱን የቻለ ተፋላሚ ተመለሰ፤ በደሙ ያለው ሰይጣናዊ ኃይል ሲያሸንፈው የካደው የአያቱ ስልት አብሮ ይመጣል። ካራቴውን የወደደ ጂንን ይይዛል፣ የድሮውን የናፈቀ ዴቪል ጂንን። በ2024 በወጣው ቴከን 8 ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ታሪክን የሚመለከት ነው። ተጫዋች የታሪኩን ክፍል ዘልሎ ወደ ፍልሚያው ይገባል፤ ታዲያ ታሪኩ ለለውጡ ምን ይጨምርለታል? የሚጨምርለት ምክንያት ነው። የጂን ለውጥ ያለ ክህደቱ ቢመጣ የሠሪዎቹ ፈቃድ ብቻ ይሆን ነበር። ክህደቱ ስላለ ግን ከእጃችን የጠፋው እያንዳንዱ የሚሺማ ምት ጂን ራሱ የተወው ይሆናል። ታሪኩን ያላነበበ ተጫዋች እንኳ ይህ ሰው ካለፈው ጋር መቆራረጡን ከእጁ ይረዳዋል። ፊልም ይህን በንግግር ወይም በትዕይንት ይነግራል፤ የድብድብ ጌም ግን በምቱ ብቻ ይነግረዋል። ዳግም አበጃጀት ከማመጣጠን የሚበልጥ ጥበብ የሚሆነውም በዚህ ነው።

ስለ ቃሉ ምርጫ ጥቂት ልበል። «እድሳት» የቤትን ግድግዳ ቀብቶ መሠረቱን እንዳለ መተው ነው፤ ለጋይል ይሆናል፣ ለጂን ግን አይበቃም። «ክለሳ» ለመጽሐፍና ለትምህርት የተያዘ ነው። «ዳግም ቀረጻ» ብንል ድምፅ ወይም ምስል እንደገና መቅዳት ይመስላል። «አበጀ» ግን መሥራትንም ማስተካከልንም ይይዛል፤ ሲረባም አያስቸግርም፦ ጂን በቴከን 4 ዳግም ተበጀ፣ ዳግም የተበጀ ተፋላሚ፣ ዳግም አበጁት። «ሪወርክን ሁሉም ያውቀዋል፣ ምን አስቸገረ?» የሚል ቢኖር፣ ቃሉ በጌም ቤት ለጨዋታ ይበቃል። ስለ ጌም በአማርኛ ለሚጽፍ፣ ለሚያስተምርና ለሚሠራ ሰው ግን ሦስቱን የለውጥ ዓይነቶች በሦስት ስም መለየት ያስፈልገዋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ተፋላሚ ተለወጠ ሲባል፣ ታደሰ፣ ተሻሻለ ወይስ ዳግም ተበጀ ብላችሁ ጠይቁ፤ ለእያንዳንዱም የራሱን ስም ስጡት።