ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተስማሚ የመጀመሪያ ሥራ እንዴት ይመረጣል?

በ2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶ እና ከዚያ በላይ ውጤት ያስመዘገቡት 3 ነጥብ 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5 ነጥብ 4 በመቶ ደርሰዋል። ከተቀሩት ከፊሎቹ በአቅም ማሻሻያ መርሐ ግብር፣ ከፊሎቹ በቴክኒክ እና ሙያ ሥልጠና ሲቀጥሉ ሌሎች ፊታቸውን ወደ ሥራ ያዞራሉ። ትምህርታቸውን ያላጠናቀቁትም በክረምት እና ከፈረቃ ውጭ ገቢ ይፈልጋሉ። በመኾኑም የመጀመሪያ ሥራ ምርጫ በገጠርም በከተማም የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያ ሥራ ተስማሚነት በክፍያው መጠን ብቻ አይለካም። ከትምህርት የማያስቀር፣ ጤናን የማይጎዳ፣ ሙያ የሚያስጨብጥ እና ማስረጃ የሚገኝበት ሊኾን ይገባል።

ዕድሜ እና የሥራ ሰዓት

የአሠሪ እና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 ዓመት እስከ 18 ዓመት ያለው “ወጣት ሠራተኛ” ይባላል። የወጣት ሠራተኛ የሥራ ጊዜ በቀን ከ7 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍት እና በሕዝብ በዓላት ቀን ማሠራት፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ ማዘዝም የተከለከለ ነው። የማዕድን እና የድንጋይ ካባ ሥራ፣ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመር እንዲሁም የዋሻ ቁፋሮ ለዚህ ዕድሜ አደገኛ ተብለው ከተጠቀሱት ውስጥ ናቸው።

በሰው ቤት ለግል አገልግሎት መቀጠር ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ስለዚህ ልጅን በቤት ሠራተኝነት ከመላክ በፊት ቤተሰብ ስለ ቀጣሪው፣ ስለ ማደሪያው እና ስለ ትምህርት ጊዜ በቂ ማጣራት ማድረግ ይኖርበታል።

ወቅት እና ጤና

የሐምሌ እና የነሐሴ ሥራ ከትምህርት ጋር አይጋጭም። የሰሊጥ አጨዳ ግን ትምህርት ከተጀመረ በኋላ፣ ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ የሚከናወን በመኾኑ ወደ መተማ እና ቋራ የሚሄድ ተማሪ ከክፍል ሊቀር ይችላል። አካባቢው ቆላማ በመኾኑ ከደጋ ለሚሄዱ ወጣቶች ወባ እና በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ያሰጋሉ። በአጎበር መተኛት፣ ትኩሳት ሲበረታም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። “ከመጠምጠም መማር ይቅደም” እንዲሉ፣ የአንድ ወቅት ገቢ አንድ የትምህርት ዓመት ሊያሳጣ አይገባም።

ሙያ የሚያስጨብጥ ሥራ

በጋራዥ፣ በእንጨት እና ብረታ ብረት ሥራ፣ በልብስ ስፌት ወይም በኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት በረዳትነት መጀመር ወደፊት ለሚመረጥ ሙያ መሠረት ይኾናል። ለታናናሽ ተማሪዎች ማስጠናት ለራስም ትምህርት ይጠቅማል። በአርሶ አደር ቤተሰብ ደግሞ ተማሪው ጥቂት ዶሮዎችን ወይም የአትክልት መደብ በኀላፊነት ተረክቦ ወጪ እና ገቢውን በደብተር ቢመዘግብ ንግድን በተግባር ይማራል።

ውል እና ማስረጃ

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሥራው ዓይነት፣ ሰዓቱ፣ ክፍያው እና የሚከፈልበት ቀን መታወቅ አለባቸው። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ መግለጫ እንዲሰጥ አዋጁ ያስገድዳል። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። ሥራው ሲያበቃ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑን እና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ መጠየቅ የሠራተኛው መብት ነው። ለቀጣዩ ሥራ ይህ ወረቀት ትልቅ ዋጋ አለው።

በሀገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ ኤጀንሲም ከሠራተኛው ክፍያ መቀበል አይችልም። ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ የትምህርት ማስረጃን በመያዣነት የሚወስድ ወይም የሥራውን ቦታ የሚደብቅ ደላላ ሊታመን አይገባም።

ሥራ ፈላጊዎች በቀበሌያቸው በሚገኘው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተመዝግበው ስለ ሥራ እና አጫጭር ሥልጠናዎች መረጃ ማግኘት ይችላሉ። ክፍያ ሲከለከል ወይም ከሕግ ውጭ ሲያሠሩ ቅሬታ ለወረዳው ሥራ እና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ይቀርባል፤ የተሠራባቸውን ቀናት እና የተከፈለውን ገንዘብ በደብተር የመዘገበ ተማሪም አቤቱታውን ለማስረዳት አይቸገርም።