የዱር እንስሳትን በካሜራ መከታተል፡ ከአላጥሽ እስከ ቦረና ሳይንት

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ቢሮው ውስጥ የተቀመጠ ሰው፣ ኢንተርኔቱ እስካልተቋረጠበት ድረስ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዝሆን ውኃ ሲጠጣ በዚያችው ቅጽበት መመልከት ይችላል። አፍሪካም የተሰኘው ድረ ገጽ ይህን አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በአላስካው የካትማይ ብሔራዊ ፓርክም በብሩክስ ፏፏቴ ሳልሞን የሚያጠምዱ ድቦች እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በቀጥታ ሲታዩ ቆይተዋል። እዚያው ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ መንገድ የጠፋበት ተጓዥ በተራራ ላይ ወደተተከለው ካሜራ ቀርቦ እርዳታ ሲጠይቅ ያዩ ተመልካቾች ለፓርኩ አሳውቀው ሰውየው ሊተርፍ ችሏል። ድብ ሊያዩ የተቀመጡ ሰዎች ሰው አተረፉ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ያው የደሴ ነዋሪ በገዛ ዞኑ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ ለማየት በአቀስታ አድርጎ ወደ መካነ ሰላም አቅጣጫ መጓዝ፣ ከዚያም በእግሩ ወደ ውርጩ መውጣት ይኖርበታል። ደንቆሮ በሚባለው ጫካ ዙሪያ የተከለለው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ከቀይ ቀበሮ ሌላ የጭላዳ ዝንጀሮ፣ የምኒልክ ድኩላና የነብር መኖሪያ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ እንዲህ ያለውን ጉዞ ለጎብኚም ለተመራማሪም ይበልጥ አክብዶታል። ስለዚህ የካሜራ ጉዳይ የቅንጦት ወሬ አይደለም።

በካሜራ መከታተል ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው የቀጥታ ሥርጭት ካሜራ ሲሆን የማይቋረጥ ኃይል፣ ፈጣን የኢንተርኔት መስመርና ሌንሱን የሚጠርግ ሰው ይፈልጋል። እንስሳቱ ደጋግመው በሚመጡበት ውኃ ዳር ወይም ጉድጓድ አፍ ላይ ካልተተከለ ደግሞ ተመልካቹ ባዶ ሣር ሲያይ ይውላል። ሁለተኛው ካሜራ ትራፕ ወይም ወጥመድ ካሜራ የሚባለው ነው። ይህ ዛፍ ላይ በቀበቶ የሚታሰር ትንሽ ሣጥን ነው። ከፊቱ ሙቀት ያለው አካል ሲንቀሳቀስ በራሱ ጊዜ ፎቶ ያነሳል። ሌሊት ደግሞ እንስሳውን በማያስደነግጥ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይጠቀማል። በባትሪ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ስለሚሠራና ምስሉን ሚሞሪ ካርድ ላይ ስለሚያስቀምጥ ኔትወርክ ለሌለበት ደጋ ተመራጭ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካዊው ጆርጅ ሺራስ በገመድ ጠልፎ ያነሳቸው የሌሊት ፎቶዎች እ.ኤ.አ. በ1906 ናሽናል ጂኦግራፊክ ላይ ወጥተዋል።

ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከፎቶው በኋላ ነው። በታንዛኒያ ሴሬንጌቲ 225 ካሜራዎች የሰበሰቡትን ከአንድ ሚሊዮን በላይ የምስል ስብስብ ለይተው የመዘገቡት 28 ሺህ ያህል በጎ ፈቃደኞች፣ ያውም እቤታቸው ሆነው ነው። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን የሚስማማ ሥራ ይመስለኛል።

ለክልላችን ትልቁ ምሳሌ አላጥሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ቦርን ፍሪ ፋውንዴሽን በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው በካሜራ ትራፕ ፎቶና በኮቴ አሻራ መረጋገጡን አስታወቀ። ጥናቱን የመሩት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ዶ/ር ሀንስ ባወር ሲሆኑ፣ በአላጥሽና በሱዳኑ ዲንደር በድምሩ ከ100 እስከ 200 አንበሶች፣ ከእነዚህም ከ27 እስከ 54 የሚሆኑት በአላጥሽ ሊኖሩ እንደሚችሉ ገምተዋል። የዓለም መገናኛ ብዙኃን ዜናውን “አዲስ ግኝት” ብለው ተቀባበሉት። የአካባቢው ሰው ግን አንበሳ መኖሩን አስቀድሞም ይናገር ነበር። ገበሬው ለዓመታት ሲናገር ያልተሰማውን አንድ የደበዘዘ የሌሊት ፎቶ አሳመነ።

የቀይ ቀበሮ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ሲሆኑ ከግማሽ በላዩ በባሌ ይኖራሉ፤ በወሎ ደጋዎች የቀሩት ጥቂት ናቸው። እንዲህ ላሉ ጥቂት እንስሳት ትልቁ ሥጋት ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 በተከሰቱት ወረርሽኞች ብዙ ቀበሮዎች አልቀዋል። በመሆኑም በደንቆሮ ጫካ ዳር የተተከለ ካሜራ በሌሊት ፓርኩ ውስጥ የሚዞር ውሻ ቢያነሳ፣ ያ ፎቶ ከቀበሮው ፎቶ ያላነሰ ዋጋ አለው። ክትባቱ ከየትኛው መንደር መጀመር እንዳለበት ይጠቁማልና።

ካሜራ የማያየውም ብዙ ነው። በመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ እንደሚሳካለት የተደረሰበት፣ መንጋውን በብርድ ተከትለው በዋሉ ሰዎች ዓይን ነው። በትግራይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ደግሞ በዐቢይ ጾም የሥጋ ትርፍራፊ ሲጠፋ ጅቦች ወደ አህያ እንደሚዞሩ አሳይቷል። ይህ የታወቀው በዓይነ ምድራቸው ውስጥ የተገኘው ፀጉር ተለይቶ ነው፤ የአህያው ድርሻ ከ15 በመቶ ገደማ ወደ 33 በመቶ አድጎ ተገኝቷል። ሌሊት ጅብ ሲጮህ የሚሰማ የደሴ ሰው በዚህ አይገረምም።

ሌላው ካሜራው ሳይፈለግ የሚያነሳው ሰው ነው። በህንዱ የኮርቤት የታይገር መጠለያ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ የካምብሪጅ ጥናት፣ ለእንስሳት የተተከሉ ካሜራዎች እንጨት ሊለቅሙ የሚገቡ ሴቶችን ለመከታተልና ለማሸማቀቅ ውለው ተገኝተዋል። ሴቶቹ በፍርሃት ዘፈናቸውን ዝቅ በማድረጋቸው ከዝሆንና ከታይገር ጋር ድንገት የመጋፈጥ አደጋው ጨምሯል። በቦረና ሳይንት ዙሪያም ኑሮው ከሣርና ከእንጨት ጋር የተያያዘ ሕዝብ አለ። ካሜራ የሚተከልበት ቦታ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ተመክሮበት፣ የሰው ምስል ወዲያው የሚጠፋበት ደንብ ወጥቶ፣ የቀበሮው ጉድጓድ ያለበት ቦታም ለአዳኝ እንዳይጋለጥ ሥርጭቱ ሆን ተብሎ ዘግይቶ ቢለቀቅ ይመረጣል። የቀጥታ ሥርጭቱ ይቆየን ከተባለም፣ ጥቂት ካሜራ ትራፕና ካርዱን በየወሩ የሚያመጣ የአካባቢው ጥበቃ ሠራተኛ ለመነሻ ይበቃል።