ተመረቀ

ገበያ ላይ ሻጯ ሽንኩርቱን መዝና ስትጨርስ ገዢዋ «እስቲ መርቂልኝ» ትላታለች። ሻጯም ሁለት ራስ አንስታ ከሚዛኑ በላይ ጣል ታደርግላታለች። ያ ጭማሪ ምርቃት ይባላል። አባት መዳፋቸውን ዘርግተው «እደጉ፣ ተመንደጉ» ሲሉና ቤተሰቡ «አሜን» እያለ ሲቀበል ያም ምርቃት ነው። ጥቁር ካባ ለብሶ ዲግሪውን የሚቀበለውን ልጅም «ተመረቀ» እንለዋለን።

ዲግሪ የሚለው ቃል ሥሩ የላቲኑ «ግራዱስ» ነው፤ እርከን ማለት። የእኛው ማዕረግም መንገዱ ያው ነው፤ በግእዝ ዐርገ ወጣ፣ መዓርግ መሰላል። «በማዕረግ ተመረቀች» ስንል እንግዲህ መሰላሉንም ምርቃቱንም በአንድ ትንፋሽ እንጠራለን። እኔ የማደላው ለምርቃቱ ነው። መሰላልን ብቻውን የሚወጣ ሰው አለ፤ ራሱን የሚመርቅ ግን አላየሁም።

ኮሌጅም ብቸኝነትን የማያውቅ ቃል ነው። ሮማውያን አብረው ለአንድ ሥልጣን ከተመረጡት አንዱን የሌላው «ኮሌጋ» ይሉት ነበር፤ «ኮሌጊዩም» የእነዚያ ማኅበር ነው። «ኡኒቨርሲታስ»ም በመካከለኛው ዘመን የመምህራንና የተማሪዎች ማኅበር እንጂ የሕንፃ ስም አልነበረም። ሮበርት ደ ሶርቦን በ1257 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ያቋቋመው ኮሌጅ ድሆች የነገረ መለኮት ተማሪዎች አብረው የሚኖሩበት ቤት ነበር። በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሁለቱንም ቃላት በስሙ ተሸክሞ ተነሣ።

እኛ ጉባኤ ቤት ነበረን። በግእዝ አስተጋብአ ሰበሰበ ነው፤ ጉባኤም ከዚያው ሥር ይወጣል። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ብቻውን ሲያወጣ ሲያወርድ የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ጓደኞቹ እየሰሙ ምስጢሩ የላላበትን፣ ቤቱ ያልመታበትን ያርሙለታል። አንዱ ሲታረም ሁሉም ይማራል።

ልጃቸውን ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚልኩ ወላጆች የትኛው ኮሌጅ እንደሚሻል ሲጠይቁኝ ስለ ሕንፃው አላወራም። «አንደኛ ዓመት ላይ የጻፈውን ማን ያነብለታል?» ብለው እንዲጠይቁ እነግራቸዋለሁ።

እኔ አንደኛ ዓመት ላይ በትልቅ አዳራሽ የመታወቂያ ቁጥር ብቻ ነበርኩ። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ መምህሬ ሦስት ገጽ ጽሑፌን መለሱልኝ፤ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ይህን ሐሳብ ከየት አመጣኸው? ነገ ቢሮ ና» ይላል። ፈርቼ ሄድኩ። በፕሮግራማቸው ላይ ያልነበረ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር፣ አብረውኝ አነበቡት። ካባ የለበስኩ ዕለት ደግሞ ግቢው ውስጥ አገኘኋቸው። መዳፋቸውን ዘረጉ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ «አሜን» አልኩ።