የሠዓሊው የጎያ ዜና

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1808 ዓ.ም. በእስፓኝ ንጉሥ በካርሎስ አራተኛና በልጁ በፌርዲናንድ መካከል የዙፋን ጠብ ሆነ። የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮንም ጠቡን ምክንያት አድርጎ አባትና ልጅን በፈረንሳይ ወዳለችው ወደ ባዮን ከተማ አስጠራቸው፤ ሠራዊቱም ማድሪድን ያዘ። ሜይ 2 ቀን ፈረንሳዮች የቀሩትን የንጉሥ ልጆች ሊወስዱ ሲሉ ሕዝቡ ተነሣ፤ ቢላዋና ዱላ ይዞ የፈረንሳዮቹን የማምሉክ ፈረሰኞች ከኮርቻ እየጎተተ ወጋ። የፈረንሳዮች አዛዥ ሙራም በዚያች ሌሊት፥ ጎህ ሳይቀድ፥ የተያዙትን አስረሸነ። ከዚያም ናፖሊዮን ወንድሙን ዮሴፍን አነገሠ፤ ጦርነቱም እስከ 1814 ዓ.ም. ቆየ።

በዚያ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ቀዳሚ ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ጎያ ነበረ። በአራጎን አገር በ1746 ዓ.ም. የተወለደ፥ ዕድሜው 62 የደረሰ፥ ከዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት በያዘው ሕመም ጆሮው የደነቆረ ሰው ነው። የእስፓኙ ጄኔራል ፓላፎክስም ተከብባ የፈረሰችውን ሳራጎሳን እንዲያይ ጠራው፤ ሄዶም አየ።

ከ1810 ዓ.ም. ጀምሮ የጦርነቱን መከራ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ይሠራ ጀመር። ሰሌዳውን ቀብቶ በመርፌ ይጭረዋል፥ የተጫረውንም አሲድ ያስበላዋል። በጦርነቱ መዳብ ስለ ጠፋ፥ ቀድሞ አገር ምድሩን የሣለባቸውን ሰሌዳዎች ለሁለት ቆርጦ በጀርባቸው ሠራ። ሥዕሎቹም 82 ሆኑ። በአንዱ ሕፃን በጎኗ ያቀፈች ሴት አንድ ወታደርን በጦር ትወጋለች። በአንዱ የተቆራረጠ ሬሳ ከዛፍ ላይ ተሰቅሏል። በሌላው ደግሞ የገዛ አገሩ ሰው በወደቀ ፈረንሳዊ ላይ መጥረቢያ አንሥቷል፤ ጎያ ለወገኑ ብሎ ይህን አልሸሸገም። በ1811 እና በ1812 ዓ.ም. በማድሪድ 20,000 ያህል ሰው የፈጀውን ረኃብም ሣለ።

በ1814 ዓ.ም. ፈረንሳዮች ሲወጡ የሜይ 2 እና የሜይ 3 ቀንን በሁለት ታላላቅ ሸራዎች ሠራ። በሁለተኛው፥ መሬት ላይ የተቀመጠ ትልቅ ፋኖስ ሌሊቱን ያበራል። ነጭ ሸሚዝና ቢጫ ሱሪ የለበሰ አንድ ሰው ተንበርክኮ ሁለት እጁን ዘርግቷል፤ በቀኝ መዳፉ ላይ የችንካር ቁስል የመሰለ ምልክት አለ። ከአጠገቡ መነኩሴ አጎንብሶ ይጸልያል፤ ከፊቱ የሞቱት በደማቸው ላይ ተደፍተዋል። ጠመንጃ የደገኑት ወታደሮች ግን ጀርባቸውን ሰጥተዋል፥ የአንዱም ፊት በግልጥ አይታይም።

ይህን የምጽፍ እኔ እንዲህ እላለሁ፦ ከእርሱ በፊት የጦርነት ሥዕል አብዛኛው የተሣለው ድል ላደረገው ጌታ ነበር፤ ንጉሡ በፈረስ ላይ፥ ሬሳው ከግርጌ። ጎያ ስሙ የማይታወቀውን ሟች ከመካከል አቆመው፥ ብርሃኑንም ሁሉ ለእርሱ ሰጠው። በዚህ ሥራው ከነገሥታት ጸሐፊዎች ይልቅ ለሕዝቡ የታመነ ምስክር ሆነ።

ፌርዲናንድም ወደ ዙፋኑ ተመልሶ በጦርነቱ ጊዜ የወጣውን ሕገ መንግሥት ሻረ፥ በነጻነት የሚያስቡትንም አሳደደ። ጎያ ሰሌዳዎቹን በሕይወት ሳለ አላሳተመም፤ በ1824 ዓ.ም. ወደ ፈረንሳይ ከተማ ወደ ቦርዶ ሄዶ በ1828 ዓ.ም. በዚያው ዐረፈ። ከሞተ ከ35 ዓመት በኋላ፥ በ1863 ዓ.ም.፥ የሳን ፌርናንዶ አካዳሚ 80ውን አሳተመ። ሁለቱ ሸራዎች በ1938 ዓ.ም. በእስፓኝ የእርስ በርስ ጦርነት በካሚዮን ሲሸሹ በመንገድ አደጋ ተቀደዱ፤ ተጠግነውም ዛሬ በማድሪድ በፕራዶ ቤተ መዘክር አሉ።